ከታክሲው ኋላ የተቀመጠው ኪቦርድ

ኪቦርድ የምትጫወቱ ከሆነ ይህን የጻፍኩት በመጀመሪያ ለእናንተ ነው። የማትጫወቱም ብትሆኑ ገጹን አትዝለሉት። እሑድ ጠዋት መሪው «እስቲ በጸጥታ በጌታ ፊት እንሁን» ሲል፣ ያንን ጸጥታ በቀስታ ይዞ የሚያቆየው ሰው ማን እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ ዘወር ብላችሁ አይታችሁ ከሆነ ነገሩ እናንተንም ይመለከታል።

የማወራችሁ ስለ አንድ ካሴት ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1985 ሲሆን አብዛኞቻችሁ ያኔ አልተወለዳችሁም፤ እኔም አልተወለድኩም። ዘፋኝ የለበትም። ባንድም የለበትም። አንድ ሰው አኮርዲዮኑን ይጫወታል፣ ያው ሰው ኤሌክትሪክ ፒያኖውን ይጫወታል፣ ያው ሰው ሲንተሳይዘሩን ይጫወታል፤ ምቱን ደግሞ ለማሽን ሰጥቶታል። ሰውየው ኃይሉ መርጊያ ይባላል። የካሴቱ የእንግሊዝኛ ርእስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ኃይሉ መርጊያና ክላሲካል መሣሪያው» እንደ ማለት ነው። በውስጡ ባለ አንድ ዜማ ስም «ሸሞንሟናዬ» ብለው የሚጠሩትም አሉ።

አውቃለሁ፤ «የቤተ ክርስቲያን መጽሔት ላይ ሸሞንሟናዬ ምን ይሠራል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ። አሁን ግን ትንሽ ታገሡኝ።

እኔ ይህን አልበም የምሰማው ባቡር ላይ ነው። ከሲ ኤም ሲ ተሳፍሬ፣ ጉርድ ሾላን አልፌ፣ መገናኛ እስክደርስ። ማለዳ ከሆነ መቀመጫ የሚባል ነገር አይታሰብም፤ አንድ እጅ ከላይ ያለውን ብረት ይይዛል፣ ሌላው ቦርሳውን ያቅፋል፣ ስልክ ማውጣት እንኳ አይቻልም። የጆሮ ማዳመጫውን ሳልሳፈር ካልሰካሁ አለቀልኝ። እንዲህ ተጨናንቄ ስቆም ከመስማት በቀር ሌላ ሥራ ስለሌለኝ ቤት ውስጥ የማላስተውለውን እሰማለሁ። ቀኝ እጁን ሁሉም ሰው ይሰማዋል፤ ዜማው እዚያ ነው። ግራ እጁ ምን እያደረገ ነው? የት ጋ ነው ዝም የሚለው? ኪቦርዲስት ከሆናችሁ ይህን ጥያቄ ታውቁታላችሁ።

ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1946 ደብረ ብርሃን አካባቢ ተወለደ። በአሥር ዓመቱ ግድም ወደ አዲስ አበባ መጣ። ገና በአሥራዎቹ መጀመሪያ ከጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍል ገባ፤ አኮርዲዮንን በራሱ ጥረት ለመደ። በኋላ ከዋልያስ ባንድ ጋር በሂልተን ሆቴል ለዓመታት ተጫወተ። ዘመኑ የደርግ ነው፣ ሰዓት እላፊ አለ። ሰዓት እላፊው ከገባ ሰው ወደ ቤቱ መሄድ አይችልምና ሆቴል ውስጥ የተገኘው ሁሉ እስኪነጋ እዚያው ያድር ነበር፤ ሙዚቀኞቹም አብረው። እስቲ አስቡት፤ እኛ የሦስት ሰዓት የአዳር ጸሎት አጅበን ጣታችን ደነዘዘ እንላለን። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1977 «ቸ በለው» የተሰኘ የመሣሪያ ሙዚቃ ሸክላ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1981 ደግሞ ከድምፃዊ ጌታቸው ካሣ ጋር ወደ አሜሪካ ለሙዚቃ ጉዞ ሄደ። ጉዞው ሲያልቅ ከአባላቱ ከፊሉ ተመለሰ፤ ከፊሉ እዚያው ቀረ። ኃይሉ ከቀሩት ውስጥ ነበር።

ዋሽንግተን አካባቢ ሆኖ ሙዚቃ ተማረ፣ እዚህም እዚያም ሠራ። ከዚያ አንድ የሚያውቀው ሰው ትንሽ ስቱዲዮ ውስጥ ብቻውን ተቀመጠና ይህን ካሴት ሠራ። ዓመተ ምሕረቱን ወደ እኛ ስትመልሱት 1977 ላይ ያርፋል፤ ሰባ ሰባትን ወላጆቻችሁ ሳትጠይቋቸው ያስታውሱታል። አገር በድርቅ ነው፤ ስማችን በዓለም ቴሌቪዥን በረሃብ ብቻ የሚነሣበት ጊዜ ነው። እሱ ግን ወጣት ሳለ የተማረውን አኮርዲዮን አውጥቶ የአገሩን የቆዩ ዜማዎች መጫወት ጀመረ። አላሳዘናቸውም፣ ለቅሶም አላደረጋቸውም። ብዙ ጊዜ ስሰማው ይህ ያስገርመኛል።

«ክላሲካል መሣሪያ» ያለው አኮርዲዮኑን ነው። ርእሱን አይታችሁ ባኽና ቤትሆቨንን ከጠበቃችሁ አታገኙአቸውም። አኮርዲዮን በእኛ ከተሞች የአባቶቻችን ዘመን መሣሪያ ነው። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም ቢሆን ኪቦርድ ከመምጣቱ በፊት ብዙ ኳየር በአኮርዲዮን ተዘምሮበታል፤ ከእናንተ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አንዱን ያዙና ጠይቁ፤ ትከሻው ላይ አንግቶ የተጫወተ ወይም የሚጫወተውን ያየ አታጡም። መሣሪያው ሳንባ አለው። ስትስቡት ይተነፍሳል፣ ስትገፉት ይተነፍሳል፤ አየሩ ካለቀ ድምፁም ያልቃል። ስለዚህ አኮርዲዮን የሚጫወት ሰው እንደ ዘማሪ ትንፋሹን አስቀድሞ ማሰብ አለበት። በኪቦርድ ይህ የለም፤ ቁልፉን ተጭናችሁ እስከ ነገ ብትቆዩ ድምፁ አይሞትም። ኳየር ውስጥ አንዳንዶቻችን ማቆም የማናውቀው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

ሁለተኛው መሣሪያ ሮድስ የሚባለው ኤሌክትሪክ ፒያኖ ነው። የሮድስ ታሪክ ደስ ይላል። ሃሮልድ ሮድስ የተባለ አሜሪካዊ የፒያኖ መምህር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የቆሰሉ የአየር ኃይል ወታደሮችን እንዲያስተምር ተጠየቀ። ሰዎቹ ከአልጋ መነሣት አይችሉም። ስለዚህ ከተበላሹ አውሮፕላኖች ብረት እየቆረጠ ጭናቸው ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ፒያኖ ሠራላቸው። በኋላ የመጣው ሮድስ ከዚያ ሐሳብ ያደገ ነው፤ ትንሽ መዶሻ ቀጭን ብረት ትመታለች፣ የብረቷን ንዝረት እንደ ጊታር በኤሌክትሪክ ይይዘዋል። ዛሬ በየኪቦርዳችን ላይ «ኤሌክትሪክ ፒያኖ» ብለን የምንመርጠውና ጸሎት ሲጀመር ጣታችን ሳናስበው የሚሄድበት ለስላሳ ድምፅ የዚያ ልጅ ነው። ለቁስለኛ ተብሎ የተሠራ ድምፅ መሆኑን ካወቅሁ በኋላ ለሕሙማን ስንጸልይ ሌላ ድምፅ መምረጥ አልቻልኩም።

ሦስተኛው ሙግ ነው። የሙግ ሲንተሳይዘሮች ውስጥ ስመ ጥሩ የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ሚኒሙግ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰጠው። አምስት ጣት ብትጫኑበትም አንዱን ብቻ ይናገራል። ለፈረንጅ ይህ ጉድለት ነበር፤ ኮርድ የማይመታ ኪቦርድ ምን ይባላል? ለእኛ ግን እንግዳ አይደለም። ዋሽንት አንድ ድምፅ ነው። ማሲንቆም እንዲሁ። የእኛ ዜማ ድምፅ በድምፅ ላይ ተደርቦ ሳይሆን አንዱ መስመር እየተንቀጠቀጠ፣ እየታጠፈ፣ እያጌጠ የሚሄድ ነው። ሙግ ላይ ያንን ማጠፍ ይቻላል። ኃይሉ ሲጫወተው አንዳንዴ ከአገር ቤት የመጣ ዋሽንት ኤሌክትሪክ የተሰካበት ይመስላል።

ስለ አራተኛው፣ ስለ ከበሮ ማሽኑ ብዙ አልልም። ድምፁ ቀጭን ነው፤ ቆርቆሮ በእርሳስ እንደ መምታት። አልወደውም። አንድ ነገር ብቻ ልስጠው፤ ምንም ቢሆን አይበረግግም። በዙሪያው ያለው ሰው እንደ ልቡ መዘግየትና መቅደም ይችላል።

አሁን ትንሽ ራቅ ብለን እንሂድ። ያ ትውልድ በኪቦርድ ፍቅር የተያዘበት ሌላም ስፍራ ነበር። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ፕሮግረሲቭ ሮክ የሚሉት ሙዚቃ ገነነ፤ ክላሲካል የተማሩ ልጆች ኦርጋኑን፣ ፒያኖውንና ሙጉን ደርድረው እንደ ሲምፎኒ የረዘመ ሥራ የሚሠሩበት ነው። ኪት ኤመርሰንና ጓደኞቹ ሩሲያዊው ሙሶርግስኪ እ.ኤ.አ. በ1874 ለፒያኖ የጻፈውን ሥራ ወስደው በ1971 የሮክ አልበም አደረጉት። ሪክ ዌክማን ደግሞ በ1973 ብቻውን በስሙ ያወጣው አልበም ስለ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ስድስት ሚስቶች ነው፤ በተሐድሶ ታሪክ ትምህርት ከሮም የተለየው ንጉሥ ብለን የምናውቀው ያው ሄንሪ። ግጥም የለውም፤ እያንዳንዷን ንግሥት በኪቦርድ ነው የሳላት። ለአንዷ የሚሆን እውነተኛ ኦርጋን ሲፈልግ ለንደን ውስጥ ወደሚገኝ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ የዚያን ኦርጋን ቀዳ። ይኸው ሰው በ1987 በወንጌላት ላይ የተመሠረተ አልበም ሠርቷል። ጣቱ ፈጣን ነው። ለእኔ አንዳንዴ በጣም ፈጣን ነው፤ ሁሉን የሚያውቅ ተማሪ እጁን አውጥቶ ሲጣራ ይመስለኛል።

ኃይሉን ከእነዚህ ጋር ያስቀመጥኩት የሚመስል ነገር ስላላቸው ነው። እነሱም ሆኑ እሱ ኪቦርድን ከዘፋኝ ኋላ ከሚቆም አጃቢነት አውጥተው ፊት ለፊት አቆሙት፤ እነሱም ሆኑ እሱ አሮጌውን ዜማ በአዲሱ ማሽን አለፉበት። ልዩነቱ መንገዱ ላይ ነው። ዌክማን ከክፍል ወደ ክፍል፣ ከኮርድ ወደ ኮርድ ይሮጣል። ኃይሉ አንድ ስፍራ ይቀመጣል። አምስት ድምፅ ይዞ አምስት ደቂቃ ይዞራቸዋል፤ ሲዞራቸው ደግሞ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም።

አሁን ኪቦርዳችሁን አብሩ። ትራንስፖዙን ዜሮ አድርጉት (እባካችሁ፣ ሁሉን መዝሙር በሲ እየተጫወትን ቀሪውን ለትራንስፖዝ የሰጠን ሰዎች ነን፣ ለአንድ ቀን ይብቃን)። ስታይሉን አጥፉ። ከዚያ እነዚህን አምስት ድምፆች ብቻ ንኩ፤ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። ይህ አምባሰል ነው። ከአራቱ ቅኝቶቻችን፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ለየ፣ አንዱ። በካሴቱ ውስጥ «አምባሰል» የሚለውን ክፍል ከሰማችሁ በኋላ ብትሞክሩት ይሻላል። ግራ እጃችሁ ሲን ብቻ ይዞ ይቆይ። በቀኛችሁ ከአምስቱ ውጪ ሳትወጡ አሥር ደቂቃ ቆዩ። በሦስተኛው ደቂቃ ይሰለቻችኋል፤ አውቃለሁ። በሰባተኛው አካባቢ ግን ጆሯችሁ ሌላ ነገር መስማት ይጀምራል፤ ዲ ፍላቷ ወደ ሲ ለመውረድ ስትቸኩል፣ ኤ ፍላቷ ጂ ላይ ለመደገፍ ስታዘነብል። እኔ የመዝሙር መግቢያ ማዘጋጀት የተማርኩት ከማንም ትምህርት ይልቅ ከዚህ ነው። ከአምልኮ መዝሙሮቻችን ስንቶቹ በእነዚህ ቅኝቶች እንደተሠሩ አስቡና እኛ ግን ከዩቲዩብ የተማርናቸውን የፈረንጅ ኮርዶች ስናለብሳቸው ምን እንደሚሆኑ አስተውሉ። አንዳንዱ ያምራል። አንዳንዱ ግን የሰው ኮት ነው፤ ትከሻው ላይ አይቀመጥም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው። ይህ ዓለማዊ ሙዚቃ ነው። ሸሞንሟናዬ የፍቅር ዜማ ነው፣ «ሽለላ» የሚለውም ስሙ እንደሚነግራችሁ የጀግና ፉከራ ነው። አልሸፋፍነውም። በአምልኮ ጊዜ ተጫወቱት አልልም፤ ኅሊናው ከከለከለው ወንድም ወይም እህት ጋርም አልከራከርም። እኔ ግን የሚከተለውን አስባለሁ። ዳዊት በሳኦል ፊት በገና ሲደረድር መጽሐፉ የሚነግረን እጁን ነው፤ በዚያ ጊዜ ምን ብሎ እንደዘመረ አልተጻፈልንም። የሚታወቀው ሲደረድር ሳኦል ይቀለው እንደ ነበር ነው። ዳዊት ያንን እጅ ያገኘው ቤተ መንግሥት ከመግባቱ በፊት፣ በግ ሲጠብቅ ነው። እጅ የሚማረው ከብዙ ቦታ ነው። ሙያን ከማያምን ሰው መማር ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ግማሾቻችን ዩኒቨርሲቲ ባልገባን ነበር።

ከዚሁ ጋር፣ ብቻቸውን በአንድ መሣሪያ ፊት የተቀመጡ ሌሎችም እንዳሉን አትርሱ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊንና ፒያኖ ተምረው፣ መንኩሰው፣ ሥራዎቻቸውን በ1960ዎቹ ጀርመን አገር አስቀርጸው ገቢውን ለወላጅ አልባ ሕፃናት ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ ሲያርፉ 99 ዓመታቸው ነበር። ግርማ ይፍራሸዋም ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተነሥቶ ቡልጋሪያ ሶፊያ ድረስ ክላሲካል ፒያኖ ተምሮ የእኛን ዜማ ለፒያኖ ጽፏል። ክላሲካልን ከቅኝቶቻችን ጋር ያገናኘ ሥራ የምትፈልጉ ከሆነ ከኃይሉ ይልቅ ወደ እነዚህ ሂዱ። እኔን ግን ኃይሉ ነው የያዘኝ፤ ምክንያቱ ሙዚቃው ብቻ አይደለም።

ካሴቱ ከወጣ በኋላ የሆነውን ልንገራችሁ። ተሸጠ፣ ተሰማ፣ ተረሳ። ኃይሉ እያደር ከመድረክ ራቀ። ታክሲ መንዳት ጀመረ፤ ዋሽንግተን አጠገብ ካለው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ ያመላልሳል። ከአዲስ አበባ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚበሩ ሰዎቻችን የሚያርፉበት ያው ማረፊያ ነው። ስንቱ ወገናችን ከቦሌ ተነሥቶ እዚያ ሲያርፍ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ፣ የሚነዳለት ሰው ማን እንደሆነ ሳያውቅ ወረደ! በታክሲው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ግን በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኪቦርድ አለ። ተራ እስኪደርሰው ሲጠብቅ ያወጣውና ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ይለማመዳል። ሰሚ የለም። ዝግጅት የለም። እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ።

እ.ኤ.አ. በ2013 የአፍሪካ ካሴቶችን የሚሰበስብ ብራያን ሺምኮዊትዝ የሚባል አሜሪካዊ ባሕር ዳር ውስጥ አሮጌ ካሴቶች ሲያገላብጥ ይህንን አገኘ። አፈላልጎ ደወለለት፤ በዚያው ዓመት አልበሙ እንደ ገና ታተመ። ኃይሉ ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኖት ወደ መድረክ ተመለሰ፣ በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 ደግሞ «የኔ ምርጫ» የሚሉ አዳዲስ አልበሞችን አወጣ። ጣቶቹ ዝግጁ ነበሩ፤ በየማቆሚያው ሲለማመድ ነው የከረመው።

ይህን ታሪክ ሁልጊዜ ስናገር ሰዎች መጨረሻውን ይወዱታል፤ ስልኩ መደወሉን። ከልቤ የሚወጣው ግን መካከሉ ነው። ስልኩ ባይደወልስ? ካሴቱ ባሕር ዳር አቧራ ለብሶ ቢቀርስ? ያ ሰው ያኔም ከኋላ ወንበር ተቀምጦ መጫወቱን አይተውም ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ሲጀምር ስልክ ይደወልልኛል ብሎ አልነበረምና።

ይህን የምለው ለአንድ ሰው ስል ነው። ከኳየራችን ኪቦርዲስቶች በአምስት ዓመት ውስጥ ሦስቱ በቦሌ በኩል ሄዱ። እናንተም ጋ እንዲሁ እንደሚሆን እገምታለሁ፤ በቦሌም በገርጂም በአያትም አጥቢያዎች ኪቦርዲስት ባለፈው ወር ሸኘን የማይል የለም። ሦስተኛው እኔን ያስተማረኝ ነው። የሸኘነው ማታ ነው፤ ተርሚናሉ ከተጓዥ በቀር አያስገባምና መኪና ማቆሚያው ላይ ክብ ሠርተን ጸለይን፣ አንድ መዝሙር ሳንጨርስ ሻንጣውን ገፍቶ ገባ። በማግስቱ እሑድ ኪቦርዱ ጨርቁን እንደ ለበሰ ዋለ። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ወራት ከፍላሽ የተቀዳ ሙዚቃ ይለቀቅልን ነበር። የተቀዳ ሙዚቃ አይሳሳትም፤ ነገር ግን መሪው መንፈስ እንደ መራው አንዱን ቁጥር ሊደግም ሲፈልግ እሱ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። በመጨረሻ ገና ሁለት ዓመት የተማርኩት እኔ ጨርቁን አነሣሁት።

እሱ አሁን ቨርጂኒያ ነው፤ ሌሊት መጋዘን ይሠራል፣ ቀን ትንሽ ተኝቶ መኪና ይነዳል። እዚያ የሚሄድበት ቤተ ክርስቲያን ኪቦርዲስት ሞልቶታል፤ ሰዎቹ ደጎች ናቸው፣ ግን ወረፋ አለ። አንድ ቀን ስንደዋወል «ትጫወታለህ?» አልኩት። «ለማን ብዬ ነው የምጫወተው፣ እህቴ?» አለኝ። በምሬት አልነበረም ያለው፣ ደክሞት ነው። ያን ቀን መልስ አልነበረኝም። መዝሙር 137 ትዝ አለኝ፤ በባቢሎን ወንዞች አጠገብ ተቀምጠው መሰንቆዎቻቸውን በአኻያ ዛፍ ላይ ስለ ሰቀሉት ምርኮኞች። ሁልጊዜ የምናነበው ለቅሷቸውን ነው። እኔ ግን ያን ማታ ያሰብኩት ስለ መሰንቆዎቹ ነበር። ዝናብ ሲመታቸው ክሩ ምን ሆነ? ከዓመታት በኋላ ወደ አገራቸው የተመለሱት ሰዎች ዜማውን ከየት አመጡት? አንድ ሰው በሌሊት ተነሥቶ፣ ማንም ሳያይ፣ መሰንቆውን ከዛፉ አውርዶ ይለማመድ ነበር ብዬ ብገምት ተዉልኝ፤ መጽሐፉ አላለም፣ የእኔ ግምት ነው።

በማግስቱ የኃይሉን አልበም ላክሁለት፤ የታክሲውንም ታሪክ በድምፅ መልእክት ነገርኩት። ስብከት አላከልኩበትም። እሱ ከእኔ በላይ ቃሉን ያውቃል፤ የምመክረው ሰው አይደለም። ሦስት ሳምንት ዝም አለ። የላክሁት ጊዜ ትክክል አልነበረም ይሆን እያልኩ ሳስብ ነበር። ደግሞ ታውቃላችሁ፣ ከእዚህ ሆኖ እዚያ ላለ ሰው ታሪክ መላክ ቀላል ነው፤ ሌሊቱን በመጋዘን የሚያቆመው እሱ ነው።

መልሱ የመጣው ዓርብ ከልምምድ በኋላ ነው። ሥልሳ አንድ ቁልፍ ያለው ያገለገለ ኪቦርድ ከአንድ አበሻ ላይ ገዝቷል። ክፍሉን ከሁለት ልጆች ጋር ስለሚጋራ በጆሮ ማዳመጫ ነው የሚጫወተው፣ ከሥራ ሲገባ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፤ እነሱ ተኝተው ቁልፉ ሲነካ የሚሰማው ጠቅ ጠቅ የሚለው የፕላስቲክ ድምፅ ብቻ ነው አለኝ። ሁለት ጣቶቹ ጠንክረውበታል። አምባሰልን ሞክሮታል፤ ከበሮ ማሽኑን እሱም አልወደደውም። ከዚያ መጨረሻ ላይ «ለእሑድ የያዛችሁት መዝሙር የትኞቹ ናቸው? አብሬያችሁ ልለማመድ» ብሎ ጻፈ።

አራት ናቸው። ዝርዝሩን ከነ ቁልፋቸው ላክሁለት።